ሲስተሙ እስኪገባ ደመወዙን ማን ይሠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጠያቂዎቹ የሰው ኃይል አስተዳደርንና ደመወዝን ከፋይልና ከኤክሴል አውጥተው ወደ አንድ ሶፍትዌር ለማስገባት የተዘጋጁ ተቋማት ባልደረቦች ናቸው። ሁሉንም ያስጨነቃቸው ለሥራው ስንት ሰው፣ ከየት አምጥተው፣ ለስንት ጊዜ እንደሚመድቡ ነው። ስም አላወጣንም፤ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎችም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ 1,350 ሠራተኛ ያለው፣ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። አቅራቢው ድርጅት ሲስተሙን በ6 ወር አስረክባለሁ ብሎ ውል ፈርሟል። ማኔጅመንቱ «የሰው ኃይል ክፍሉ በሙሉ ይተባበር» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ጉዳዩን ዘግቶታል። ክፍሉ ግን እኔን ጨምሮ 9 ሰው ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ደመወዝ፣ ሁለቱ መዝገብ ቤት፣ ሁለቱ ሰዓት ቁጥጥር ላይ ናቸው። ስንት ሰው ብጠይቅ ነው የሚያዋጣኝ? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ በዚያ ደብዳቤ ማንም አልተመደበም። አንድ ሰው ተመደበ የሚባለው ስሙ፣ የቀኑ ብዛት፣ የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ቀን፣ እንዲሁም የቀድሞ ሥራውን ማን እንደሚሸፍንለት በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከተዘለለ የቀሩት ዋጋ የላቸውም። ሰውየው ወር በደረሰ ቁጥር ወደ ድሮ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ፕሮጀክቱም እሱን ይጠብቃል።

ቁጥር ከመጠየቅዎ በፊት የአንድ ሰው ሂሳብ ይሥሩ። የደመወዝ ሠራተኛዋን እንውሰድ። ፋብሪካው ቅዳሜን ጨምሮ በወር 25 ቀን ይሠራል እንበል። የደመወዝ መዝጊያው 7 ቀን ይወስድባታል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና በዓል በአማካይ 3 ቀን ይቀንሳሉ። 15 ቀን ቀራት። ከዚያ ላይ የብድር ደብዳቤ፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ የጡረታና የግብር ማሳወቂያ፣ «ትርፍ ሰዓቴ ጎደለ» የሚል አቤቱታ ግማሹን ይበላል። ለፕሮጀክቱ የሚተርፋት 7 ቀን ገደማ ነው። አቅራቢው ደግሞ በሙከራው ወራት በወር ከ12 እስከ 15 ቀን አብራው እንድትቀመጥ ይፈልጋል። የሚጎድለው ከ5 እስከ 8 ቀን በሌላ ሰው ካልተሞላ በእሷ ምሽትና እሑድ ይሞላል።

ምሽቱም ቢሆን ገደብ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ይገድበዋል። የሚፈቅደውም እንደ አስቸኳይ ሥራ ባሉ ምክንያቶች ብቻ ነው። ስድስት ወር ሙሉ አስቀድሞ በትርፍ ሰዓት የታቀደን ሥራ አስቸኳይ ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል።

ለእርስዎ ፋብሪካ እኛ የምንጠይቀው እንዲህ ነው። ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ አንድ አስተባባሪ ከውስጥ ይመደብ። የደመወዝ አንድ ሰው በዲዛይኑ ወቅት ግማሽ ጊዜዋን፣ በሙከራው ወቅት ከአምስት ቀን አራቱን ትስጥ። ስለ ፈቃድ፣ ዕድገትና ዲሲፕሊን የሚያውቅ የፐርሶኔል ባለሙያ ግማሽ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ከሰዓት ቁጥጥርም አንድ ሰው እንዲሁ። ከአይቲ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሰጥ አንድ ባለሙያ ይበቃል። ፋይል የሚያጠሩ ሦስት ሰዎች ሁለት ወር ላልሞላ ጊዜ ይገባሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ደግሞ ሥልጠና የሚሰጡና ጥያቄ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይጨመሩ። በገንዘብም በሰውም ላይ መወሰን የሚችል፣ በሳምንት 2 ሰዓት የሚሰጥ አንድ የበላይ ኃላፊ በስም ይጠቀስ። ኃላፊው የቀረበለትን ጥያቄ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ካልመለሰ ውሳኔው ወደ አስተባባሪው እንደሚተላለፍ አብሮ ይጻፍ፤ ይህች አንቀጽ ብዙ ሳምንታትን ታድናለች። ሲደመር መጀመሪያ ላይ የሦስት ሙሉ ሰው፣ ጫናው ሲበረታ የስድስት ወይም የሰባት ሙሉ ሰው ጊዜ ነው።

የፋይሉ ሥራ የሚገመት ነው። አንድን የግል ማኅደር አውጥቶ ማየት፣ ከደመወዝ ዝርዝር ጋር ማመሳከርና ማስገባት በአማካይ 25 ደቂቃ ይወስዳል ብንል ለ1,350 ሰው 562 ሰዓት ከግማሽ ይሆናል። ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ቢቀመጥም በትኩረት የሚሠራው ስድስቱን ነው፤ ስለዚህ ወደ 94 የሰው ቀን ማለት ነው። ተመልሶ ለሚታረመው 20 በመቶ ሲጨመር 113 ይደርሳል። ሦስት ሰው በ38 ቀን ይጨርሰዋል። ግምቱን ከማቅረብዎ በፊት ግን 20 ማኅደር በዕጣ አውጥተው በሰዓት ይለኩ። ከአሮጌው መዝገብ ቤት የሚወጡት ከ10 ዓመት በላይ ያገለገሉ ሠራተኞች ፋይሎች ከአዲሶቹ እጥፍ ጊዜ ቢወስዱ አይግረምዎ።

ከውጭ የሚቀጠሩት ታዲያ የት ይግቡ? የተለመደው ስሕተት አዲስ የተቀጠረውን ፕሮጀክቱ ላይ፣ ነባሩን መደበኛው ሥራ ላይ ማስቀመጥ ነው። አዲሱ ሰው የፋብሪካውን የአበል አሠራር አያውቅም፤ ለአቅራቢው «እንደዚህ ይሆን?» እያለ በግምት ይመልሳል፤ ግምቱም ሲስተም ውስጥ ይቀረጻል። ተገላቢጦሹን ያድርጉ። አዋቂዋ ወደ ፕሮጀክቱ ትሂድ፤ ጊዜያዊው ሰው ደብዳቤውንና ተራውን ሥራ ይያዝ። ለተወሰነ ሥራ በሚደረግ ውል ሦስት ሰው ይቅጠሩ፤ አንድ ለደመወዝ፣ አንድ ለፐርሶኔል፣ አንድ ለመዝገብ ቤት። የደመወዙ ምትክ ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ የደመወዝ ወር ቀድሞ ይግባ፤ አንድ መዝጊያ ሳያይ ብቻውን ሊዘጋ አይችልም። ውሉም ሲስተሙ ሥራ በጀመረበት ቀን አያብቃ። ከባዱ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደመወዞች የሚከፈሉበት ነው፤ ሁለት ወር ይጨምሩበት።

የቀን መቁጠሪያውንም ይመልከቱ። አቅራቢዎች የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ ሐምሌ 1 ሥራ ማስጀመርን ይወዳሉ። እኛ አንመክርም። የዓመት መዝጊያ፣ የኦዲት ዝግጅትና የደመወዝ ጭማሪ ሁሉም እዚያው ይገጣጠማሉ፤ የእርስዎ ሰዎች ግን ያው ዘጠኙ ናቸው። የደመወዝ ግብር በየወሩ የሚሰላ ስለሆነ በዓመቱ መካከል መጀመር ብዙም አያጎድልም፤ የሚሻገረው በዋናነት የፈቃድና የብድር ቀሪ ነው። ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሻላል። ከዚያ በተረፈ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በሚከበርባቸው ሳምንታት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ አይጥሩ፤ ድሬዳዋ ላይ የአልጋም የአውሮፕላን ትኬትም ጣጣ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ ስለሚመጣ የዘንድሮውን አይተው ሥልጠናውን ከከሰዓት ወደ ጠዋት ያዙሩት።

ጥያቄ፦ 420 ሠራተኛ አለን። የሠራተኛ ፋይል እንዲያጠሩ የኮሌጅ ተለማማጆችን ልንወስድ ነው፤ ርካሽም ናቸው፣ ኮምፒውተርም ይችላሉ። ያስኬዳል? (ሐረር፣ የግል ትምህርት ተቋም)

መልስ፦ ለማስገባት ያስኬዳል፤ ለመወሰን አያስኬድም። ሁለቱን ሥራዎች ከለያችሁ ተለማማጆቹ ይጠቅሟችኋል። በላይኛው ስሌት የእናንተ ፋይል 175 ሰዓት ነው፤ እርማቱን ጨምሮ ለሁለት ሰው 18 ቀን ያህል። ከጎናቸው ግን ማኅደሩን የሚያውቅ አንድ ነባር ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 2 ሰዓት መቀመጥ አለበት። የእሱን ሰዓት በእቅዱ ላይ ካልጻፋችሁት ተለማማጆቹ የጠረጠሩትን ሁሉ በራሳቸው ይፈቱታል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአንድ ገጽ መመሪያ አውጡ። ሁለት ሰነዶች ሲለያዩ የትኛው እንደሚጸና ይናገር። ለቅጥር ቀን የቅጥር ደብዳቤው ከማንኛውም ቅጽ ይቅደም። የልደት ቀን ጡረታን ስለሚነካ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር የሞላው ቅጽ ሳይታይ ማንም አይቀይረው። ለስም የፋይዳ መታወቂያውን ተከተሉ፤ ከባንክ ሒሳቡ ስም ጋር ካልገጠመ ግን ለብቻው በዝርዝር ይያዝ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ደመወዝ ከባንክ ይመለሳል።

ስም ራሱ ብዙ ሰዓት ይበላል። ኃይሉ እና ሀይሉ፣ ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ዓለሙ እና አለሙ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለሲስተሙ ግን ሁለት ሰው ናቸው። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ደግሞ መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአራት በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ መሐመድ አሕመድ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ስለዚህ ፍለጋውም ማዛመዱም በስም አይሁን። የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የፋይዳ ቁጥር ይጠቀሙ። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ካልሞላሁ ብሎ የሚያስቸግር ከሆነ የአባትን ስም በመካከለኛው፣ የአያትን በመጨረሻው ቦታ ማስገባት ይቻላል፤ ዋናው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው። አንዱ ተለማማጅ የአባትን ስም መጨረሻ ላይ፣ ሌላው መሃል ላይ ካስገባ ዝርዝሩን እንደገና ከመጀመር በቀር መላ የለውም።

ቀን ደግሞ ይብሳል፤ ስሕተቱ ሳይታይ የሚያልፈውም እዚህ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2009 የተቀጠረን ሰው ተለማማጁ 5/13/2009 ብሎ ሲጽፈው ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኤክሴል ሜይ 13 አድርጎ በደስታ ይቀበለዋል። ቀንን በሚያስቀድመው አጻጻፍ ደግሞ 30/2/2010፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ቀን አይቆጠርም፤ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በዓምዱ ውስጥ ወደ ግራ የተጠጉትን ብትፈልጉ እነዚህን ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያውን ዓይነት ግን ምንም ምልክት አያጋልጠውም። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ማስገባት፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጡን ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ቀመር ብቻ መተው ነው። ቀመሩን ለመፈተሽ እነዚህን ሁለቱን ስጡት፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019፣ መስከረም 1 ቀን 2012 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 መሆን አለባቸው። አንዱን ካሳተ ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት አያውቅም ማለት ነው።

ያልተለወጠ ቀን ከገባ ውጤቱ የሚታየው ፈቃድ ላይ ነው። በ2005 የተቀጠረውን ሲስተሙ በፈረንጅ 2005 ካነበበው 7 ወይም 8 ዓመት አገልግሎት በነፃ ያገኛል። በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየ2 ዓመቱ ተጨማሪ አገልግሎት 1 ቀን ስለሚታከል ሰውየው በዓመት 3 ወይም 4 ቀን ያላግባብ ያገኛል። ሲታረም ደግሞ «ፈቃዴን ቀነሱብኝ» ብሎ ይከሳል። የፈቃድ ቀሪውን ከማስገባታችሁ በፊት በወረቀት አውጥታችሁ ሠራተኛው ራሱ ይፈርምበት። ፈቃድ ቢተላለፍም ከ2 ዓመት በላይ እንዳይሆን አዋጁ ስለሚገድብ የቆየ ክምችት ያለባቸውን ለይታችሁ ለኃላፊው አቅርቡ፤ ይህን ተለማማጅም አቅራቢም ሊወስነው አይችልም።

የባንክ ሒሳብ ቁጥርን ሁለት ሰው ለየብቻ ያስገባውና ይነጻጸር። ሌላው መስክ ላይ ከአሥሩ አንዱን ማየት ይበቃል። ተለማማጆቹም ሆኑ አቅራቢው የሚያዩት የሰው የግል መረጃ ስለሆነ ሚስጥር ለመጠበቅ ይፈርሙ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። የሠራተኛውን ዝርዝር በቴሌግራም መላላክ ይቅር።

ጥያቄ፦ አቅራቢያችን አሮጌውና አዲሱ አንድ ወር ጎን ለጎን ከተሠሩ በቂ ነው ይላል። እኛ ሦስት ወር እንፈልጋለን። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሁለት ወር እጥፍ ሥራ ማን ይችላል ይላል። ማን ልክ ነው? (ድሬዳዋ፣ ፋይናንስ ክፍል)

መልስ፦ ሥራ አስኪያጁ ያነሱት ጥያቄ ትክክለኛው ነው። ሁለት ወር ይበቃል፤ ሰው ካልተመደበለት ግን ሦስትም አይበቃም። በእነዚያ ወራት ደመወዝ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ልዩነት ማሳደድ አለ፤ ጊዜ የሚፈጀውም እሱ ነው። በመጀመሪያው ወር ከአሥር ሠራተኛ የሁለቱ ወይም የሦስቱ የተጣራ ደመወዝ ላይገጥም ይችላል ብላችሁ ተዘጋጁ። 600 ሠራተኛ ካላችሁ 150 ልዩነት ማለት ነው፤ ለአንዱ በአማካይ 15 ደቂቃ ቢሰጠው ከ37 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህም ከመክፈያው ቀን በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ መውደቅ የለበትም። ንጽጽሩን ደመወዙ ከተከፈለ በኋላ፣ በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ 10 ቀናት ውስጥ አድርጉት። ማንም አይቸኩልም፤ አሮጌው ውጤትም ተዘግቶ ቆሟል።

ወሩን ምረጡ። ቅጥር፣ ስንብት፣ የወሊድ ፈቃድ፣ በዓልና ብዙ ትርፍ ሰዓት ያለበት ወር ከጸጥተኛ ሁለት ወር ይሻላል።

ልዩነቱን በድምር አትፈልጉት። ጠቅላላው ደመወዝ ገጥሞ ውስጡ ሊፋለስ ይችላል። እያንዳንዱን መስመር፣ ማለትም መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ግብር፣ ጡረታና ብድርን ለየብቻ አነጻጽሩ። መጀመሪያ በእጅ የሠራችሁት አንድ ምሳሌ ይኑር። መሠረታዊ ደመወዙ 12,000 ብር የሆነና አበል የሌለው ሠራተኛ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የደመወዝ ግብር መጣኔ፣ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ 30 በመቶ ተሰልቶ 1,350 ሲቀነስ 2,250 ብር ይከፍላል። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮው 840 ብር ነው። የሚደርሰው 8,910 ብር ይሆናል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ይጨምርለታል። ሲስተሙ ግብሩን 2,700 ካለ አቅራቢው አሮጌውን ሠንጠረዥ እንዳለ ትቶታል። ከዚያ በየእርከኑ ጠርዝ ፈትኑት፦ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ አንድ ብር ጨምራችሁ።

ትርፍ ሰዓት ላይ ሁለት ነገር ያጣላል። አንደኛው ማካፈያው ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይመጣል፤ ብዙ ቦታ ግን በልማድ በ240 ይካፈላል። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ የአንድ ሰዓት ቀን ትርፍ በመጀመሪያው 86 ብር ከ54 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 75 ብር ነው። አቅራቢው ይህን እንዲመርጥላችሁ አታድርጉ፤ የሕግ ክፍላችሁና የሠራተኛ ማኅበሩ ባሉበት ይወሰን። ያ ስብሰባ ከሙከራው በፊት መካሄድ አለበት፤ ቀኑም በእቅዱ ላይ ይግባ። ሁለተኛው ሰዓቱ የሚለወጥበት ድንበር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ የሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ጀምሮ ሌሊት 6 ሰዓት የጨረሰ ሠራተኛ ሁለት ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ሁለት ሰዓት በ1.75 የተከፈለለት መሆኑን በእጅ አረጋግጡ።

ሁለተኛውን ወር ምንም ያልተብራራ ልዩነት ሳይኖር ከዘጋችሁ ጀምሩ። አንድ እንኳን «ምን እንደሆነ አልገባንም» የተባለ መስመር ካለ ሦስተኛ ወር ያስፈልጋል። ሃምሳ ሳንቲም ቢሆንም ያው ነው፤ ዛሬ የአንድ ሰው ሃምሳ ሳንቲም የሆነው ቀመር ነገ የሌላው ሰው አምስት መቶ ብር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ከአይቲ ይሁን ከሰው ኃይል? (ሐረር)

መልስ፦ ከሰው ኃይል። በ6 ወር ውስጥ ከሚነሱት ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ «ይህን ፈቃድ ማን ያጸድቃል፣ ይህ አበል ለማን ይከፈላል» የሚሉ ናቸው። የአይቲው ባለሙያ መልሱን ሊያውቅ አይገደድም፤ ሲጠየቅም ደብዳቤ ጽፎ ይጠብቃል። እሱ ሰርቨሩን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ባክአፑን፣ ከሒሳብ ሶፍትዌሩ ከፒችትሪ ጋር የሚደረገውን ግንኙነትና የመብራት መጠባበቂያውን ይያዝ። ኢንተርኔትን በተመለከተ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ የሳፋሪኮም መስመርም በተጠባባቂነት ይኑር፤ ደመወዝ በሚዘጋበት ቀን አንዱ ቢጠፋ ሥራው አይቆምም።

ጥያቄ፦ የመጋዘንና የጭነት ድርጅት ነን፤ 64 የፈረቃ አለቆች አሉን። የጣት አሻራ ማሽኑን ከአዲሱ ሲስተም ጋር ስናገናኘው የሌሊት ፈረቃው ሁሉ ቀሪ ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? አለቆቹን ለማሠልጠንስ ስንት ጊዜ እንያዝ? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ ማሽኑ ደኅና ነው። የሌሊት ፈረቃ ምሽት 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት ይወጣል። ሲስተሙ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚቆርጠው ሰኞ መግቢያ ያለ መውጫ፣ ማክሰኞ መውጫ ያለ መግቢያ ያያል፤ ሁለቱንም ቀሪ ይላል። ለሌሊቱ ፈረቃ የቀን መቁረጫውን ቀትር 6 ሰዓት ላይ አድርጉት። አንድ ነገር ግን በመጀመሪያ ተመልከቱ፦ የማሽኑ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት የገባውን ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንደገባ ይቆጥረዋል፤ የሁሉም ሰው ሰዓት በ6 ይዛነፋል፤ የትርፍ ሰዓቱም አብሮ ይበላሻል። ዓርብ ለጸሎት የሚሰጠውን ረዘም ያለ ዕረፍት በተለየ የዓርብ መርሐ ግብር አስገቡት። በየሳምንቱ በእጅ ማረም ከጀመራችሁ የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ለ64 አለቆች በቡድን ከ10 እስከ 12 አድርጋችሁ 6 ቡድን ያዙ። ለእያንዳንዱ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ሥራ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ 1 ሰዓት ተኩል። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀምሩ፤ የሌሊት ፈረቃ አለቆችን ከፈረቃ እንደወጡ አታስቀምጧቸው። በአማርኛ ብቻ ከተሰጠ ግማሹ አንገቱን እየነቀነቀ ይወጣል፤ ከ6ቱ ቡድን የኦሮምኛና የሶማልኛ ቡድን ይኑር፤ አሠልጣኙም ከውስጥ ይሁን። ሁሉን ምናሌ ማስተማር አያስፈልግም። አለቃው ፈቃድ ማጽደቅ፣ ፈረቃ መቀያየር፣ ቀሪን ማስተካከልና ትርፍ ሰዓት ማጽደቅን በራሱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሦስት ሦስት ጊዜ ሠርቶ ይውጣ። ሠልጣኞቹ በሌሉበት ሰዓት ፈረቃውን ማን እንደሚመራ ከወዲሁ ካልተጻፈ ከአንድ ቡድን ሦስቱ በስልክ ተጠርተው ይወጣሉ፤ እንደገና ማሠልጠን ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክቱ ከተጀመረ በሦስተኛው ወር ዋናዋ የደመወዝ ባለሙያ መልቀቂያ አስገባች። ምን እናድርግ? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያው በእጃችሁ ነው። በእሱ ውስጥ አዲስ ሰው ፈልጋችሁ ለማሠልጠን አትሞክሩ፤ አይደርስም። ምክትሏን ዛሬውኑ ወደ ፕሮጀክቱ አዛውሩ፤ ሁለቱ ቀጣዩን ደመወዝ አብረው ይዝጉ፤ መዳፊቱን ምክትሏ ትያዝ፣ የምትለቀው ትመልከት። ከዚያ አቅራቢው ባለበት እስካሁን የተወሰኑትን የአበል፣ የብድርና የቅጣት ደንቦች አንድ በአንድ ያስጽፏት። በተለይ «ለእገሌ ብቻ እንዲህ እናደርጋለን» የሚባሉትን፤ እነሱ የትም አልተጻፉም፤ በመጀመሪያው ደመወዝ ላይ የሚፈነዱትም እነሱ ናቸው።

የሥራ ማስጀመሪያውን ቀን አንድ ወር ግፉት። ለአቅራቢው ከአሁኑ በጽሑፍ አሳውቁት፤ ተጨማሪ ክፍያ ከጠየቀ ውሉ ላይ የሰው ለውጥን የሚመለከት አንቀጽ እንዳለ እዩ። እሱም ኮንሰልታንቱን በመሃል የቀየረ ከሆነ ተካፍላችሁ ትጨርሳላችሁ።

ቀድሞ ቢሆን ለዋና ሰዎች የሚከፈል አበል ሁለተኛው ደመወዝ በአዲሱ ሲስተም በትክክል ከተከፈለ በኋላ እንዲሆን ማድረግ ይቻል ነበር። ገና ያልጀመራችሁ ካላችሁ ይህን ከምደባ ደብዳቤው ጋር ስጧቸው።